ቀኑን ሙሉ የተከፈተ መድረክ

ቴአትር ቤት የሚከፈተው በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ሰዓት ነው። ተመልካቹ ልብሱን ለውጦ፣ ቲኬቱን ቆርጦ፣ ወንበሩን ይዞ መጋረጃው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ሬዲዮ ግን መጋረጃም ወንበርም የለውም። ድምፁ የሚደርሰው ወጥ በምትሠራ እናት፣ ጫማ በሚሰፋ ባለ እጅ፣ መሪ በጨበጠ ሾፌር፣ ከአልጋው ባልተነሣ ሕመምተኛ ዘንድ ነው። አድማጩ ወደ ጥበቡ አይሄድም፤ ጥበቡ ራሱ የሥራውን ቀን አቋርጦ ወደ አድማጩ ይመጣል። ስለዚህም አንድ ብሔራዊ ሬዲዮ በኪነ ጥበብ ረገድ ሲመዘን፣ አልፎ አልፎ ጥሩ ተውኔት ማሰማቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። በሃያ አራቱ ሰዓት ውስጥ ለጥበብ የሰጠው ቦታ የቱ ነው? በዚያ ቦታስ ጎረቤቱ ማን ነው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

ለዚህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ቀን ወስዶ ለመመርመር የእንግሊዞች ቢ.ቢ.ሲ. ሬዲዮ 4 ተብሎ የሚታወቀው ጣቢያ ምቹ ምሳሌ ይሆናል። ጣቢያው በዚህ ስም ሥራ የጀመረው መስከረም 30 ቀን 1967 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ከ1939 ጀምሮ ይሠራ የነበረውን የአገር ውስጥ አገልግሎት የተካ ነው። ሙዚቃ በብዛት አይሰማበትም፤ መተዳደሪያው ንግግር ነው። ዜናው፣ ክርክሩ፣ ትረካው፣ ድራማው ሁሉ በሰው ድምፅ ላይ የቆመ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭውን ሬዲዮ የሚመለከቱ ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ደግሞ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር የተገለጡ ናቸው።)

የጣቢያው የሥራ ቀን የሚከፈተው ጎሕ ሲቀድ ነው። በማለዳ ስለ ገበሬው ይናገራል፤ «የዛሬው እርሻ» የተባለው ዝግጅት የከብቱን፣ የእህሉንና የገበያውን ነገር ያወራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ከ1957 ጀምሮ የኖረው «ዛሬ» የተባለው የዜና ዝግጅት ይቀጥላል፤ ሚኒስትር የሚጠየቅበት፣ ፖለቲከኛ የሚፋጠጥበት ሰዓት ነው። ሐሙስ ዕለት ዜናው እንዳበቃ፣ በ3 ሰዓት፣ መምህራን ተሰብስበው ስለ አንድ የታሪክ፣ የሳይንስ ወይም የፍልስፍና ጉዳይ ይወያያሉ፤ ይህን ጉባኤ ከ1998 እስከ 2025 የመራው ደራሲው ሜልቪን ብራግ ነበር። በ4 ሰዓት ከ1946 አንሥቶ ሳይቋረጥ የመጣው «የሴቶች ሰዓት» ይገባል። በ7 ሰዓት የቀትር ዜና ይሰማል። በ8 ሰዓት ያለፈው ምሽት ተከታታይ ድራማ ይደገማል፤ በ8 ሰዓት ከሩብ ራሱን የቻለ የከሰዓት በኋላ ተውኔት ይቀርባል። ከምሽቱ 1 ሰዓት አዲሱ የተከታታዩ ድራማ ክፍል ይሰማል፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ስለ አዲስ መጽሐፍ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ቴአትር የሚነጋገረው የኪነ ጥበብ ዝግጅት ይከተላል። ለ5 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድ ተራኪ ልብ ወለድ ያነባል። በመጨረሻም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሊሆን 12 ደቂቃ ሲቀረው የባሕሩ የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ተነብቦ፣ ብሔራዊው መዝሙር ተሰምቶ ቀኑ ይዘጋል።

ይህ ቅደም ተከተል ለተራ አድማጭ የፕሮግራም ዝርዝር ብቻ ሊመስል ይችላል። ለኪነ ጥበብ ሰው ግን ብዙ የሚናገር ነው። ተውኔቱ ለበዓል ተለይቶ አልተቀመጠም፤ «የባህል ክፍለ ጊዜ» የሚል አጥር ታጥሮለት ከዜናው ተነጥሎም አልተገኘም። በቀትር ዜናና በማታ ዜና መካከል፣ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት፣ እንደ እህልና እንደ ውሃ የዕለት አቅርቦት ሆኖ ገብቷል። ስለ ጦርነት ዜና የሰማው ጆሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጇን ለጦርነት የሰጠች እናት በተውኔት ስትናገር ይሰማል። ዜናው የሆነውን ይነግረዋል፤ ተውኔቱ የሆነው ነገር በአንድ ሰው ላይ ምን እንደሚመስል ያሳየዋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ መሆኑን ያለ አንዳች ስብከት የሚያስረዳው ይህ ጉርብትና ነው።

ይሁን እንጂ ሰዓት መስጠት ብቻ ጥበብን አይፈጥርም። በተሰጠው ሰዓት የሚቀርበው ተውኔት የሬዲዮን ባሕርይ ያወቀ መሆን አለበት። ለመድረክ የተጻፈን ተውኔት ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ማንበብ የሬዲዮ ድራማ ሊባል አይችልም። ይህን ልዩነት ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየው ጥር 15 ቀን 1924 የተሰማው የሪቻርድ ሂዩዝ «አደጋ» የተባለ አጭር ተውኔት ነው። ቢ.ቢ.ሲ. ከተቋቋመ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በተለይ ለሬዲዮ ተብሎ የተጻፈ ነበር። ደራሲው ራሱን የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አድማጩ ምንም የማያይ ከሆነ ገጸ ባሕርያቱም ምንም የማያዩበት ስፍራ የት ነው? መልሱን ከዌልስ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ አገኘ። ጉድጓዱን ሊጎበኙ የወረዱ ሰዎች መብራት ጠፍቶባቸው በጨለማ ይቀራሉ፤ ውሃ ይገባባቸዋል፤ ከሩቅ የማዕድን ሠራተኞች ዝማሬ ይሰማል። አድማጩና ባለታሪኮቹ በአንድ ጨለማ ውስጥ ሆኑ። የሬዲዮ ጉድለት የተባለው ነገር የተውኔቱ ዋና ኃይል ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የተነሡት ታላላቅ የሬዲዮ ተውኔቶች ይህንኑ መንገድ አስፍተው የሄዱ ናቸው። ሐሮልድ ፒንተር በ1959 ያሰማው «ትንሽ ሕመም» ለዚህ ግሩም ማስረጃ ነው። ባልና ሚስት በአጥራቸው በር ላይ ቆሞ ክብሪት የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ያያሉ፤ ወደ ቤት አስገብተው ያነጋግሩታል። ሽማግሌው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በሬዲዮ ላይ የማይናገር ሰው ደግሞ የለም ማለት ነው። እንግዲያስ ሽማግሌው በእርግጥ አለ? ወይስ የሁለቱ ፍርሃት የወለደው ጥላ ነው? አድማጩ በዚህ ጥርጣሬ ተይዞ ይቀራል። ተውኔቱ በ1961 ለንደን ውስጥ ወደ መድረክ በወጣ ጊዜ ሽማግሌውን የሚጫወት ሰው መቆም ነበረበት፤ ተመልካቹም በዓይኑ አየው። በዚያች ቅጽበት ከተውኔቱ ዋና ምሥጢር አንዱ ጠፋ። መድረክ ከሬዲዮ የበለጠ ያሳያል፤ ነገር ግን ማሳየት ሁልጊዜ ማትረፍ አለመሆኑን ይህ ተውኔት አስመስክሯል።

ሳሙኤል ቤኬትም በ1957 በተሰማው «የሚወድቁት ሁሉ» በተባለው ሥራው አንዲት አሮጊት ዓይነ ስውር ባሏን ለመቀበል ወደ ባቡር ጣቢያ የምታደርገውን አድካሚ ጉዞ በድምፅ ብቻ ቀርጾታል። እግሯን ስትጎትት፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ፣ እንስሳቱ በየመንገዱ ሲጮኹ ይሰማል። የእንስሳቱን ጩኸት ያሰሙት ሰዎች ነበሩ። ይህ ሥራ ያስነሣው የድምፅ ጥያቄ በቢ.ቢ.ሲ. በ1958 ልዩ የድምፅ መቀመሚያ ክፍል እንዲቋቋም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ደራሲው ስለ እርጅና አንድም ንግግር አላደረገም፤ አድማጩ ከአሮጊቷ ጋር መንገዱን በእግሩ እንዲሄድ አደረገ እንጂ።

እዚህ ላይ ለካድሬውም ለመምህሩም የቀረበ ጥያቄ ይነሣል። ሬዲዮ ሕዝብ ማስተማሪያ ከሆነ ድራማውስ በግልጽ ማስተማር የለበትምን? ሬዲዮ 4 ለዚህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ ያለው መልስ አለው፤ እርሱም ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚሰማው «የአርቸር ቤተሰብ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። በመላ አገሪቱ መሰማት የጀመረው ጥር 1 ቀን 1951 ነው። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ምግብ ገና በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1954 ነው። ምርትን ለማሳደግ ገበሬው አዲስ የእርሻ ዘዴ እንዲያውቅ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የእርሻ ዝግጅት አዘጋጁ ጎድፍሪ ቤዝሊ አምብሪጅ የተባለች የፈጠራ መንደር መሥርቶ የአንድ ገበሬ ቤተሰብን ኑሮ በዚያ አኖረ። የእርሻ ሚኒስቴርም በምክር ይተባበር ነበር። በሌላ አነጋገር ድራማው የተወለደው ለግብርና ትምህርት ነው።

ነገር ግን ሕዝቡን የያዘው ትምህርቱ አልነበረም። መስከረም 22 ቀን 1955 ምሽት ግሬስ አርቸር የተባለችው ወጣት ሙሽራ ከሚቃጠል በረት ፈረስ ለማውጣት ገብታ በደረሰባት ጉዳት ሞተች። ያ ምሽት በለንደን የንግድ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረበት ምሽት ነበር። ሕዝቡ ስለ አዲሱ ቴሌቪዥን በማውራት ፈንታ በዓለም ላይ ኖራ ስለማታውቅ ሴት አዘነ፤ የጣቢያው ስልክ በጥሪ ተጨናነቀ። አድማጩ ያለቀሰላት ማዳበሪያ እንዴት እንደሚጨመር ስላስተማረችው አይደለም፤ ስለ ኖረች ነው። ማዳበሪያውን ያስታወሰው እንኳ እርሷን ስላስታወሰ ነው። የድራማው ይፋዊ የማስተማር ኃላፊነት በ1972 ሲነሣ ድራማው አልሞተም፤ ዛሬም ከ19 ሺህ ክፍል በላይ ዘልቆ ይሰማል። ትምህርቱ የቆመው በሰዎቹ ትከሻ ላይ እንጂ ሰዎቹ በትምህርቱ ትከሻ ላይ አልነበሩምና።

የዚህ ልምድ ዝምድና ከኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍሎች የቀረበው «የቀን ቅኝት» የቤተሰብ ምጣኔንና የኤች.አይ.ቪ. ጉዳይን ይዞ የተነሣ ተከታታይ ድራማ ነበር። ዓላማው ከመነሻው የታወቀ ነው፤ ሆኖም አድማጩ በየሳምንቱ ሬዲዮኑን የከፈተው ባለታሪኮቹ ምን እንደ ደረሰባቸው ለመስማት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሳሳት፣ ሲጸጸት፣ ሲመለስ አድማጩ አብሮ ይጓዛል፤ በቤቱም ውስጥ ስለ ነገሩ ማውራት ያልደፈረው ባልና ሚስት ስለ ባለታሪኮቹ በማውራት ይጀምራሉ። በአንጻሩ በአንዳንድ አጫጭር የሬዲዮ ጭውውቶች ውስጥ አንዱ አላዋቂ ሆኖ ይጠይቃል፤ ሌላው ዐዋቂ ሆኖ ያብራራል፤ በመጨረሻም አላዋቂው «ገባኝ» ብሎ ያመሰግናል። በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል እንጂ ሁለት ሰው የለም። አድማጩም ይህን ቶሎ ይነቃል። መመሪያ መስማት ከፈለገ መመሪያውን በቀጥታ ቢነግሩት ይመርጣል።

ይህ ሲባል በቀጥታ የሚነገር ንግግር ከኪነ ጥበብ ያነሰ ነው ማለት አይደለም። ጥሩ ንግግር በሬዲዮ ላይ የራሱ ክብር አለው። ቢ.ቢ.ሲ. ከ1948 ጀምሮ በመሥራቹ በጆን ሪት ስም በሚያሰማው ዓመታዊ ተከታታይ ንግግር የመጀመሪያው ተናጋሪ ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ነበር። በ1965 ንግግሩን እንዲያደርጉ የተጋበዙት ደግሞ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጋናዊው ሮበርት ጋርዲነር ናቸው፤ የንግግራቸውም ጉዳይ የዘርና የሕዝቦች ግንኙነት ነበር። በ1979 ኬንያዊው ዓሊ ማዝሩይ፣ በ2004 ናይጄሪያዊው ተውኔት ጸሐፊ ወሌ ሾይንካ በዚሁ መድረክ ተናግረዋል። በሬዲዮ የሚናገር ሰው ፊት ለፊቱ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ባይኖር ወይም ቢያንስም፣ በእርግጥ የሚያዳምጠው በየቤቱ የተቀመጠ ብቸኛ ሰው ነው። ለዚያ ብቸኛ ሰው ጮኾ መናገር አያስፈልግም፤ ማሰብን ይጠይቃል። በአደባባይ ንግግርና በሬዲዮ ንግግር መካከል ያለው ልዩነት በቴአትር አዳራሽና በሬዲዮ ድራማ መካከል ካለው ልዩነት ጋር አንድ ነው።

የትረካው ሰዓት ይህን እውነት ይበልጥ ያጎላዋል። በእንግሊዞቹ ዘንድ «የመኝታ ሰዓት መጽሐፍ» ከ1949 ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ መጽሐፍ፣ ከመኝታ በፊት ጥቂት ደቂቃ። ኢትዮጵያዊው አድማጭ ይህን ልማድ ከማንም ባልተናነሰ ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ነክቶ የማያውቀው ሰው ሁሉ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ጎረቤቱ አደረጋቸው። የወጋየሁ ብልኃት ድምፁን እየለዋወጠ መጫወቱ ብቻ አልነበረም። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡና ጉዱ ካሣ ሲሳለቅ ልዩነቱ የሚታወቀው በድምፅ ቅጥነትና ውፍረት ሳይሆን በአሳባቸው አካሄድ ነው፤ የት እንደሚፈጥኑ፣ የት እንደሚያመነቱ፣ የት ዝም እንደሚሉ። ተራኪው ዝምታን እንደ ቃል ተጠቀመበት። ከብዙ ዓመት በኋላም መጽሐፉን የሚያነብ ሰው በውስጥ ጆሮው የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ መሆኑ የትረካው ዋጋ ምን ያህል እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ይህም ያለ ምክንያት የሆነ አይደለም። በኢትዮጵያ ባህል ጆሮ የሠለጠነ አድማጭ ነው። ቅኔ የሚዘረፈው ለሰሚ ነው፤ ሰሚውም ሰሙን ከወርቁ ለይቶ የሚይዘው አንድ ጊዜ በሰማው ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። አዝማሪ ግጥም ሲቀበል ባለቤቱ ወረቀት አይሰጠውም። ተረትም የሚነገረው መሽቶ እሳት ዳር ነው፤ ፊት በማይታይበት ጨለማ ውስጥ ጅቡና ጦጣው በድምፅ ይመጣሉ። ሪቻርድ ሂዩዝ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ ፈልጎ ያገኘውን ጨለማ የገጠር አያቶች በየማታው ይጠቀሙበት ነበር። ስለዚህ «ሕዝቡ ረቂቅ የሬዲዮ ተውኔት አይገባውም፤ ነገሩን ማብራራት ያስፈልጋል» የሚለው አስተያየት አድማጩን አለማወቅ ነው። ቅኔ የሚፈታ ጆሮ የፒንተርን ዝምተኛ ሽማግሌ አይፈራም።

ሬዲዮ 4 ከነቀፌታ ነጻ ነው ማለት አይቻልም። ከሰዓት በኋላ የሚሰማው ተውኔት በአብዛኛው 45 ደቂቃ በሆነ አንድ ልክ የተሰፋ ነው፤ አንዳንዱ ታሪክ ይሰፋበታል፤ አንዳንዱ ይጠበዋል። የጣቢያው አነጋገርና ጉዳይ ወደ ተማረውና ወደ ተደላደለው ወገን ያዘነብላል የሚለው ወቀሳም የቆየ ነው፤ የአምብሪጅ መንደርም ቢሆን የእርሻ ባለቤቱን ቤት ከተቀጣሪው ቤት ይልቅ አዘውትራ ታሳያለች። ከዚህ የባሰው ግን የቦታው መጥበብ ነው። ለብዙ ዓመታት «የሴቶች ሰዓት» መጨረሻ ላይ ይሰማ የነበረው የሩብ ሰዓት ድራማ በ2021 ቀርቷል። ጣቢያው አድማጩ የፈለገውን ዝግጅት በፈለገው ጊዜ የሚሰማበትን የኢንተርኔት መንገድ ዘርግቷል። ይህ ያመለጠውን ለመስማት እጅግ ይጠቅማል። ዳሩ ግን የፈለገውን ብቻ የሚመርጥ አድማጭ ያልፈለገውን ነገር አያገኝም። ተውኔት የማይወደው ሾፌር የቀትር ዜና ሰምቶ ሬዲዮኑን ሳይዘጋ በመቅረቱ ብቻ ተውኔት የሰማበት ድንገተኛ ዕድል እየጠፋ ነው። ከላይ የተመሰገነው ጉርብትና የሚፈርሰው በዚህ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰዎች አጥብቀው ሊከራከሩለት የሚገባ ነገር ቢኖር ይህ የታወቀ ሰዓት ነው። በጀት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነሣው ድራማው ነው፤ ምክንያቱም ዜና አንባቢ አንድ ሰው ሲሆን ድራማ ደራሲ፣ አዘጋጅ፣ ተዋንያንና የድምፅ ባለሙያ ይፈልጋል። ነገር ግን አንዴ ከቀኑ ውስጥ የወጣ ተውኔት ተመልሶ ለመግባት እንግዳ ይሆናል፤ ደራሲውም ለሬዲዮ መጻፍ ይተዋል፤ አድማጩም መጠበቁን ይረሳል። ሰዓቱ ሲኖር ግን ደራሲው ለዚያ ሰዓት ይጽፋል፤ ከብዙ መካከለኛ ሥራ መካከልም አንድ ቀን «የሚወድቁት ሁሉ»ን የመሰለ ይወለዳል። ሰዓቱን ያገኘ ደራሲም የራሱ ግዴታ አለበት፤ በድምፅ ማሰብ፣ ዝምታን ማክበር፣ አድማጩን እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ምስክር መቁጠር።

የሬዲዮ 4ን ቀን የሚዘጋው የባሕር የአየር ጠባይ ማስታወቂያ ለዚህ የመጨረሻ ማስረጃ ይሁን። በብሪታንያ ዙሪያ የሚገኙ 31 የባሕር ክልሎች በስማቸው እየተጠሩ የነፋሱ አቅጣጫና ብርታት፣ የዕይታው ርቀት በጥቂት ቃላት ይነገራል። የተጻፈው ለመርከበኛ ነው፤ ስሜት የሚያነሣ አንድም ቅጽል የለበትም። ሆኖም መርከብ ረግጦ የማያውቅ ብዙ ሰው አልጋው ውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል፤ በዚያ ሰዓት በማዕበል መካከል አንድ ሰው ነቅቶ ይህንኑ ቃል እየሰማ መሆኑን ያውቃልና። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ በአንድ ድምፅ ግን ተገናኝተዋል። ብሔራዊ ሬዲዮ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ ይህ ከሆነ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ለተውኔትና ለትረካ የሚሰጠው ሰዓት ከዕለቱ ሥራ የሚቆጠር እንጂ ሲተርፍ የሚታደል ሊሆን አይገባም።